ሲጢጥ ባዩ ክንድ

ፋርማሲስቱ በጨረር ጣውላ የሚቆርጥ ሌዘር ማሽን ገዝቶ ሲመጣ ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ አለችው፤ «ከልጃችን ክፍል ውጪ የትም አድርገው።» ሌላ የሚበቃው ቦታ ስላልነበረ እዚያው ገባ። የልጅቷ አልጋ ወደ እነሱ መኝታ ቤት ተዛወረ። ማሽኑ እንዳይንቀጠቀጥ ከኋላው ግድግዳው ላይ በብሎን ታሰረ።

ሐሳቡ ለልጁ የአሻንጉሊት ቤት ሊሠራላት ነበር። መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ጣውላውን አሳምሮ ቆረጠ። ከዚያ ወደ ጎን የሚመላለሰው ክንድ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። መስመሩ ተንሻፈፈ። የትንሿ ቤት ግድግዳዎች አልገጥም አሉ።

አንድ ቴክኒሺያን ጓደኛ ነበረው። የላላ ነገር ሳያጠብቅ ስለማያልፍ ሰፈርተኛው «ብሎን» ይለዋል። ብሎን እንደገባ መስኮቱን ዘጋ፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ቦታ ለፎቅ መሠረት እየተቆፈረ ነበር።

«ጥፋተኛው አቧራ ነው» አለ፣ ከማሽኑ ጀርባ ነጭ ብናኝ በጣቱ ጠርጎ እያሳየ።

ክንዱ የሚመላለስበትን ሐዲድ አጸዳ፣ ዘይት ቀባ፣ የሚጎትተውን ቺንጋ ወጠረ፣ ኩሽኔታውን ቀየረ። ማዕዘኑን በስኳድራ ለክቶ አስተካከለ። ማሽኑ ጸጥ አለ።

በማግስቱ ያው ሲጢጥታ፣ ያው መንሻፈፍ። ብሎን ተመልሶ አቃናው። እንደገና ተንሻፈፈ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ስኳድራውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ ብረት በራሱ አይጣመምም። ሰው እየነካው ነው።»

«ማን ይነካዋል? ቀን ቤት የምትውለው ሚስቴ ብቻ ናት።»

ብሎን መፍቻዎቹን ሰበሰበ። ሲወጣ የክፍሉ በር ወለሉን እየታከከ አልከፈት ስላለው በትከሻው ገፋው። «ለዚህ ደግሞ መላጊያ ይዤ እመጣለሁ» አለ።

እራት ላይ ፋርማሲስቱ ሚስቱን ጠየቃት።

«ማሽኑን ትነኪዋለሽ?»

«እኔ? በበሩም አላልፍ። እንዲያውም አንተ በሌለህበትም ሲጢጥ እያለ ጆሮዬን አደነቆረው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። እሱ ሳይኖር ማሽኑ የሚጮኸው ሌላ ሰው ሲያበራው ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

«በገዛ አፍሽ ተያዝሽ።»

«አብርቼ ምን ላደርገው?»

«ልታበላሺው ነዋ። ከመጣ ጀምሮ ዓይኑን ማየት አትፈልጊም።»

ሚስቱ ከገበታው ተነሳች። ከዚያ ልጇን ይዛ እናቷ ቤት ሄደች።

ፋርማሲስቱ ባዶ ቤት መግባት አስጠላው፤ ለእንቅልፍ ብቻ ይመጣ ጀመር። ያንን ክፍል ዞር ብሎም አላየውም። የልጁ ናፍቆት ግን አላስቀምጥ አለው። ከማሽንና ከትዳር አንዱን መምረጥ ካለበት ምርጫው ቀላል ነበር። ብሎንን ጠርቶ «ውሰደው፣ ያንተ ነው» አለው። ሁለቱ ታግለው ማሽኑን ከግድግዳው ነቀሉት። ከቀዳዳዎቹ ነጭ ብናኝ ወረደ፤ ፋርማሲስቱ ጠርጎ ደፋው።

ከዚያ አማቱ ቤት ሄዶ ደጅ ጠና። ሚስቱ መጨረሻ ላይ ወጣች።

«ማሽኑን አስወጥቼዋለሁ» አላት።

«እኔ አልነካሁትም።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ባያምናትም።

ዝናብ በሚጥልበት ቀን ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ልጅቷ ክፍሏን ስላገኘች ደስታዋ ወሰን አጣ። አልጋዋን አባቷ ማሽኑ ቆሞበት ከነበረው ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ዘረጋላት። መንገዱ አድክሟት ስለነበር ጋደም አለች። በሩ እንደ ልማዱ ስለተጣበቀ በትከሻው ገፍቶ ዘጋላት።

ባልና ሚስት ሳሎን ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሚስቱ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ፋርማሲስቱም ከስንት ጊዜ በኋላ ልቡ ዐረፈ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ ከተዘጋው በር ጀርባ፣ «ሲጢጥ ይላል። ማሽኑን ግድግዳው ውስጥ ደበቅከው እንዴ?»