ቻለው ውኃ ጠጣ

«እማዬ፣ ቻለው ቢነክሰኝ ትገድይዋለሽ?»

የስድስት ዓመቷ መክሊት ይህን የጠየቀችው እናቷ ለተሥላሴ ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ነው።

«ቻለውን? ምን በወጣው! እሱ ከኔ እኩል አሳድጎሻል» አለች ለተሥላሴ ቀና ሳትል።

«የሰው ውሻ ቢሆንስ?»

«የሰው ውሻማ ባለቤቱ በዱላ ይገድለዋል። ልጅ የነከሰ ውሻ ማን ያቆያል? በይ ተነሽ፣ እግርሽን ልጠብሽ።»

እግሯን ስታጥብ ነው ያየችው። ባቷ ላይ አራት የጥርስ ምልክት፤ ደሙ ደርቋል።

«ማነው?»

መክሊት ወደ አጥሩ ተመለከተች። ቻለው አጥሩ ሥር ጥላ ይዞ ተጋድሟል።

«ቻለው» አለች በቀስታ። «ግን አልገድለውም ብለሻል።»

የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ዘነበች ቁስሉን በሳሙና ደጋግማ አጠበችው።

«የእብድ ውሻ መርፌው ደብረ ታቦር እንጂ እዚህ የለም። የራሳችሁ ውሻ ከሆነ ግን እንዳትገድሉት። እሰሪውና አሥር ቀን ጠብቂው። ከበላ፣ ውኃ ከጠጣ፣ ልጅሽ ምንም የለባት። ከታመመ ወይ ከሞተ ግን አንድ ቀን አትደሪ፤ ይዘሻት ሩጪ።»

ማታውን ጎረቤቷ አባ ደሳለው ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«አንች ለተሥላሴ፣ ውሻውን አምጭው።»

«ኧረ አባቴ ይተዉኝ! እሱን ገድለን የልጄን ነገር በምን አውቃለሁ?»

«ውሻ አብዶ ቀን ሲቆጠርለት ገና ዛሬ ሰማሁ!» ብለው ተመለሱ። ዱላውን ግን አልጣሉትም።

ባሏ ይርጋ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዷል፤ ስልኩ አይሠራም። ለተሥላሴ ከእግዚአብሔር በቀር የምታማክረው አልነበራትም።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው፣ ሰው ሳይነሣ፣ ቻለውን በገመድ ይዛ መውጣት ጀመረች። ቀን ከቤት ታስረዋለች፤ ከደጅ አስራ እንዳትተወው ደሳለውን ፈራች። ክረምቱ ወጥቷል። ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል፤ ከጉና የሚመጣው ነፋስ እርጥብ አፈር ይሸታል። ቻለው በዕድሜው እንዲህ ሽርሽር ወጥቶ አያውቅም። ጤዛውን እየረገጠ፣ ቢጫውን አበባ እያሸተተ፣ በየቁጥቋጦው እግሩን እያነሣ ይጎትታታል። እሷ አበባውን አታይም። አፉን ነው የምታየው፤ ለሐጭ አለው ወይስ የለውም?

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ይቆማሉ። ውሻ ይዞ አይገባምና፣ እዚያው ከውጭ ሆና ግድግዳውን ትሳለማለች። «እመቤቴ፣ ያንድ ልጅ እናት ነሽ፤ ታውቂዋለሽ» ትላለች። ሌላ ጸሎት አልመጣላትም። ከዚያ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ቻለው ይጠጣል። እሷም ትተነፍሳለች።

በሦስተኛው ቀን ከዓረብ አገር የተመለሰችው ፍቅርተ ወደ አንበሳሜ ገበያ ስትሄድ አገኘቻት።

«ለተሥላሴ! እዚያ ማዳሞቹ ናቸው እንዲህ ውሻ የሚያናፍሱ። አንችን ደግሞ ማን ቀጠረሽ?»

«ልጄ» አለች ለተሥላሴ።

ፍቅርተ ሳቋን ዋጠች።

በአራተኛው ቀን ደሳለው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ውሻዬ ዳማ ሞተች። በአራስነቷ! ለሐጯ ሲዝረበረብ፣ ስትንገዳገድ አድራ። ያንችው ጉድ ነው ያስያዛት።»

 ለተሥላሴ ወደ ቻለው ሮጣ መንጋጋውን በሁለት እጇ ፈልቅቃ አየች። ደረቅ ነው። ጅራቱን ቆላላት።

«ከሱ ቢሆን እሱ ይቀድም ነበር» አለች።

«እሱም ይደርሳታል» አሉ ደሳለው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ጠፋ። መክሊትን ቀን ከሌት ግንባሯን እየዳሰሰች ውኃ ታጠጣታለች። ልጅቱ ምንም አልሆነችም፤ ትጫወታለች፣ ትበላለች፤ ከምሳዋ ቂጣ እየቆረሰች ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ለቻለው መስሏት ለተሥላሴ አልተቆጣቻትም።

በስምንተኛው ማለዳ ቻለው ወንዙ ዳር ቆመ። ውኃውን አሸተተ። ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጠጣ» አለችው።

አንገቱን አዞረ።

«ጠጣ እንጂ! ጠጣልኝ የኔ ጌታ!» ጭቃው ላይ ተንበረከከች። በእፍኟ ዘግና አፉ ላይ አፈሰሰችለት፤ ፊቱን አራገፈ። ለተሥላሴ ዋይ ልትል አፏን ስትከፍት ነው ሽታው የመጣላት። ሳሙና። ከላይ በኩል ሴቶች ለመስቀል ነጠላቸውን ያጥባሉ።

ከሴቶቹ በላይ ወሰደችው። ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ።

አሥረኛው ቀን የመስቀል ዋዜማ ነበር። ቻለው በላ፣ ጠጣ፣ የደሳለውን ዶሮ አባረረ። ዘነበች መጥታ ዙሪያውን አየችውና «በቃ፣ ልጅሽ ድናለች» አለች። ለተሥላሴ የውሻውን አንገት አቅፋ አለቀሰች። ደሳለው እንኳ «ረታሽኝ» ብለው ዱላቸውን ከአጥሩ ሥር ጣሉት።

በማግስቱ ጠዋት፣ በመስቀል፣ ለተሥላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለደስታዋ ብላ ወጣች። በአንድ እጇ መክሊትን፣ በሌላው ቻለውን ይዛ። ልጅቱ አደይ ቀጥፋ ፀጉሯ ላይ ሰካች፤ ለውሻውም አንገቱ ላይ አሰረችለት። ለተሥላሴ አሁን አበባው ታያት። እንዲህ ቢጫ ነበር እንዴ?

ሲመለሱ በደሳለው ጓሮ በኩል አለፉ። መክሊት ከእጇ አፈትልካ አጥሩ የተቀደደበት ጋ ቁጢጥ አለችና ከኪሷ ቂጣ አወጣች። ከገለባው ክምር ሥር አጥንታቸው የወጣ ሦስት ቡችሎች እየተደናቀፉ መጡ።

«እማዬ፣ እናታቸው የት ሄደች? እኔን ከነከሰችኝ ወዲህ ቀረች እኮ።»

ለተሥላሴ የቻለውን ገመድ ለቀቀች፤ ልጇን ብድግ አድርጋ አዘለችና ወደ ደብረ ታቦሩ መኪና መንገድ ሮጠች።