በሙሉ ድምፅ

ግምገማው ሊያበቃ ሲል ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «መምህር ይልቃል ከትምህርት ቤታችን ይሰናበት የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ» አለ።

ከመምህራኑ አንዷ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ወሸቀች። የይልቃል ጥፋት ለተማሪዎች የመጣው ወንበር የት ገባ ብሎ መጠየቁ ብቻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ደግሞስ አራስ ቤት ሳለች ሦስት ወር ሙሉ ክፍሏን የሸፈነላት ማን ሆነና! «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ እጄን አላወጣም» አለች በልቧ።

ከፊት የሒሳብ መምህሩ እጁን አወጣ። ቀጥሎ ሁለት እጅ ወጣ፣ ቀጥሎ ስድስት፣ ከዚያማ ክፍሉ በእጅ ተሞላ። አጠገቧ የተቀመጡት እትዬ የሺመቤት በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

«አንቺ፣ ብቻሽን ልትቀሪ ነው እንዴ?»

እጇ የሌላ ሰው ይመስል ቀስ ብሎ ወጣ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ እየዞረ ቆጠረ። «ሃያ ሦስት! በሙሉ ድምፅ!»

ክው አለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ከነይልቃል ሃያ ሦስት ናቸው።

ፈራ ተባ እያለች ዞረች። ይልቃል ከመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ግራ ቀኙን እየቃኘ፣ ጠመኔ የነካካውን እጁን አውጥቷል።