ኮርቻ የቀማቸው ሰው

«ኮርቻዬን መልስልኝ እንጂ።»

«አልመልስም።»

«የራሴን ኮርቻ?»

«አዎ ጋሼ... የራስዎን።»

ጋሼ ይሄነው ጆሯቸውን ተጠራጠሩ።

ከከላላ ገጠር በበቅሎ መካነ ሰላም ገበያ የመጡት ለአንዲት ጉዳይ ነው... የእርካቡ ጠፍር ቅልጥማቸው ላይ ያለችውን ቁስል እየፈገፈገ አላስቀምጥ ቢላቸው፣ ኮርቻ ሰሪው ሃሩን ለስላሳ ቆዳ እንዲለብድላቸው።

ቁስሏ የወጣችው የልጅነት የእሳት ጠባሳቸው ላይ ነው። ዓመት አልፏታል። ትደርቃለች... ደግሞ ትከፈታለች። እሳቸው ግን «ጠፍሩ ነው» ባይ ናቸው።

ሃሩን ከበርጩማው ሳይነሳ፣ የሚሰፋውን ቆዳ ጭኑ ላይ እንደዘረጋ፣ የቁስሉን ዳር በጣቱ ጫን ጫን አደረገ።

ፊቱ ልውጥ አለ።

«ጋሼ፣ ኮርቻ የላጠውን የበቅሎ ገጣባ ስዳብስ ነው ያረጀሁት። እንዲህ ዳሩ የጠጠረ ደግ አይደለም። የሐኪም ወረቀት ካላመጡ ኮርቻዎን አያዩዋትም።»

«ከበቅሎ ቆጠርከኝ? አንተ ቀማኛ ነህ።»

«ይበሉኝ። አብሽሩ፣ ብቻ ይሂዱልኝ።»

እየተራገሙ ሄዱ። ለእግራቸው ብለው እንዳይመስላችሁ... ለኮርቻቸው ነው።

ሐኪም ቤት ከቁስሉ ተቆንጥሮ ተመረመረ። ውጤቱ መጣ...

የቆዳ ካንሰር።

ሐኪሟ እጃቸውን ይዛ አስረዳቻቸው። «አባባ፣ የቆዳችን ህዋሳት እንደ ጎረቤት መልእክት ይለዋወጣሉ። ቁስል ሲሞላ ‹በቃን› ይባባላሉ። ጠባሳ ሲጠጥር፣ ሲወጠር፣ ሲፈገፈግ ግን አንዳንዶቹ ‹ተባዙ› የሚለውን ብቻ ይሰማሉ። የጠጠረው ጠባሳ ራሱ ይገፋፋቸዋል፣ ወደ ውስጥም ይዘልቃሉ። የእርስዎ ግን አጥንት ጋ አልደረሰም።»

«እግሬስ ልጄ?»

«ይተርፋል።»

ደሴ ሄደው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው።

ከወራት በኋላ በሁለት እግራቸው ሃሩን ደጃፍ ቆሙና ወረቀቱን ሰጡት። ኮርቻቸው ተለብዳ፣ ቅባት ጠጥታ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች።

ሃሩን አነበበና «አልሃምዱሊላህ» አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ቀማኛ ያልኩህን ይቅር በለኝ። ግን ሐኪም ሳትሆን ይህን ያህል እንዴት ጨከንክብኝ?»

ሃሩን ጭኑ ላይ ያለውን ቆዳ ገለጥ አደረገው።

ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም።

«የእኔም ጠባሳ ላይ ነው የጀመረው» አለ። «ባለሙያ አይደለሁ? እንዳይፈገፍገኝ ለእርካቤ ጠፍር ለስላሳ ቆዳ ሰፋሁለት። ሁለት ዓመት ተመቸኝ፣ ሐኪም ሳላሳይ ቆየሁ... ያን ጊዜ ኮርቻዬን የሚቀማኝ ሰው አጣሁ።»

ጋሼ ይሄነው አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አንገቱን አቅፈው እንደ ልጅ አለቀሱ።

ወዳጆቼ... ሕመማችንን የሚለብድልን ሞልቷል። የሚወደን ግን አንዳንዴ እምቢ የሚለን ነው። አልድን ያለ ቁስል ካላችሁ ደግሞ፣ ለሰለሰ ጠጠረ ሳትሉ ሐኪም አሳዩት።

እስቲ ንገሩኝ... «ጨካኝ ነው» ብላችሁ ተቀይማችሁት፣ ኋላ ግን እንዳዳናችሁ የገባችሁ ሰው ማነው? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉለት... ምናልባት ያየው ይሆናል።