የዋሱ ዋስ

አቶ ላምቤቦ የሰማያዊዋን መኪና ጎማ በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህችን ተዋት፣ ልጄ። መልኳ ከጉልበቷ ይበልጣል።»

ጴጥሮስን ቅር አለው። በሆሳዕና ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት፣ ሆኖ መሥራት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ለሕሙማን እየተጠራ አንጋጫና ዳምቦያ በበቅሎ ሲመላለስ፣ በሐሳቡ ሲነዳት የኖረው ይህችኑ ሰማያዊ ኦፔል ነበር። ነገር ግን አባቱ «በሬ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው» ብለው፣ መኪና ሻጩ ከማል ዛሬ ማለዳ ሁለቱንም መኪኖች ዳገቱን እንዲያስወጣ አድርገውት ነበር። ኦፔሏ እኩሌታው ላይ ጢሷን ለቃ ቆመች። ትንሿ ነጭ ሴይቼንቶ ግን እያጉረመረመች ጫፍ ደረሰች። ለአንድ ድሬሰር ኪስ የምትስማማውም እርሷው ነበረች።

«እንግዲያው ነጯን» አለ ጴጥሮስ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ከማል። «ያችን ኦፔል ለወዳጅ መሸጥ እኔም ከብዶኝ ነበር።»

«ታዲያ እስከ አሁን ለምን አልነገርኸንም?» አለው ጴጥሮስ።

«ሻጭ ነኛ!»

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነበር። አቶ ላምቤቦ ለልጃቸው የጎደለውን ለመሙላት ሁለት ወይፈኖች ሸጠዋል። የሸጡትን ከብት ገመድ ለገዢ የመስጠት ልማድ ስለሌላቸው፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ትከሻቸው ላይ ነው። የብሩን ቋጠሮ የሚፈቱት ግን ለመኪናዋ ዋስ ሲገኝ ብቻ ነው። «ኢንሹራንስ ማለት ዋስ ማለት ነው፤ መኪናዋ ብትገለበጥ እርሱ ይከፍላል» ብሎ ያስረዳቸው ጴጥሮስ ራሱ ነበር።

ያ ዋስ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ እነሆ በከማል ሱቅ በረንዳ ላይ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስሙ ወንዳፈረው ነው፤ የኢንሹራንስ ካምፓኒ ወኪል። በስድስት ሰዓት አውቶቡስ ይመለሳል፤ ዳግመኛ የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው።

«ዕድሜ?» አለ ብዕሩን አንሥቶ።

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ አምስት ስላልሞላህ በክፍያው ላይ ጥቂት ይጨመርብሃል።»

አቶ ላምቤቦ ቀና አሉ። «እኛ ዘንድ ወይፈን ከበሬ ይረክሳል። እናንተ ዘንድ ይወደዳል?»

«ወይፈን ቀንበር ይሰብራላ፣ አባቴ!»

«ይህስ እውነት ነው።» ሽማግሌው ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ በወዳጅ ዓይን ተመለከቱት። ከዚያም ረጋ ብለው ጠየቁት። «የአንተስ ዋስ ማን ነው?»

«የእኔ?»

«ለመኪናዋ አንተ ዋስ ሆንህ፤ መልካም። ነገ ብትገለበጥ አንተን ከወዴት አገኝሃለሁ? በገበያ እንኳ የማላውቀው ሰው በሬ ሲሸጥልኝ፣ የማውቀው ሰው ዋስ ይሆነዋል።»

«ካምፓኒው አለ፣ አባቴ።»

«ካምፓኒው የማን ልጅ ነው?»

ግዢውን ለማየት በረንዳው ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንዳፈረው ወረቀቱን ዘርግቶ በጣቱ አመለከተ። «ይኸው፣ ማኅተም አለው።»

«ማኅተሙ የትም አይሄድም። የሚሄደው አንተ ነህ፤ በስድስት ሰዓት።»

«እኔ ዋስ እሆነዋለሁ!» አለ ከማል።

«ሻጭ ዋስ አይሆንም።»

ጴጥሮስ ፊቱ ጋለ። አባቱን ወደ ጥግ ወስዶ ሊለምናቸው አስቦ ነበር። ወዲያው የአውቶቡሱ ጥሩምባ ከገበያው በኩል ሲነፋ ሰማና ወረቀቱን ተመለከተ። ሳያነበው ሊፈርም እንደ ነበር ትዝ አለው። ከሁሉም መካከል የጠየቁት ማንበብ የማይችሉት አባቱ ብቻ ነበሩ።

«አቶ ወንዳፈረው፣ ያደሩት የት ነው?»

«ወይዘሮ አበራሽ ማረፊያ ቤት፤ ሁለት ሌሊት።»

ጴጥሮስ ሮጠ። ወይዘሮ አበራሽ ከማድ ቤቷ ተነሥታ፣ ሊጥ የነካው እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ተከትላው መጣች።

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አሉ አቶ ላምቤቦ።

«በምን ላውቀው? ስሙን እንኳ የሰማሁት ከትናንት ወዲያ ነው።» ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ነገር ግን ትናንት ድመቴ ሥጋውን ከሳህኑ ላይ ነጥቃው ሄደች። ‹ዘወር ያልሁት እኔ ነኝ› ብሎ ሙሉ ሒሳቡን ከፈለኝ። እኔ በልቤ ግማሹን ልተውለት ነበር።»

አቶ ላምቤቦ እንደ ገበያው ልማድ ሦስት ጊዜ ሊጠይቋት ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ወንዳፈረው የፍርድ ቤት ደጅ የቆመ ይመስል ኮቱን ቆለፈ።

«ዋስ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ዋስ ነሽ?»

«ነኝ አልሁ!»

«ዋስ ነሽ?»

«ኧረ ሊጤ ይኮመጥጣል! ነኝ! ከጠፋ ሆሳዕና ውስጥ ሁለተኛ አልጋ አያገኝም።»

ቋጠሮው ተፈታ። ወንዳፈረው፣ በወረቀቱ ላይ ቦታ ባይኖረውም፣ ከማኅተሙ በታች በጥንቃቄ «ዋስ፦ ወይዘሮ አበራሽ» ብሎ ጻፈና ጴጥሮስን አስፈረመው። ከዚያም ቦርሳውን በብብቱ ይዞ፣ እየሳቀ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ።

ጴጥሮስ መሪውን ያዘ። አባቱ በሩን ከፍተው ገመዳቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ከወንበሩ ሥር ጠቅጥቀው አስገቡት።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ አባባ?»

«ወረቀቱ የአዲስ አበባ ዋስ ነው። ይህ የባቴና ወንዝ ጭቃ ዋስ ነው። መኪናዋን የሚጎትቱት በሬዎች ገና እኔ ዘንድ አሉ።»

አጠገቡ ገብተው ተቀመጡ፤ በሩንም እንደ በረት በር በኃይል ዘጉት። ሴይቼንቶዋ አንድ ጊዜ ሳል አለችና ተንቀሳቀሰች። የበረንዳው ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። በበሩ ሥር የተረፈው የገመድ ጫፍ፣ እንደ ጥጃ ጅራት ወዲያና ወዲህ እያለ፣ የሆሳዕናን አቧራ እየጠረገ ሄደ።