የግራው ጥግ

"አባባ፣ ይሄን ጥግ እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚያማስለው?"

ሱባጊዮ ጥያቄው አልገባቸውም።

"የምን ማማሰል?"

የዓሣ ገንዳ ባለሙያዋ ኩንታሪ እጅጌዋን ሰብስባ ወንበር ላይ ቆማለች። በጣቷ ወደ ገንዳው ግራ ጥግ አመለከተች። እዚያ ድንጋዮቹ ሥር ጥቁር ዝቃጭ ተኝቷል...

ከዝቃጩ አጠገብ ደግሞ አንድ ጉንጨ ትልቅ ቀይ ዓሣ በጎኑ ተጋድሟል።

ሱባጊዮ በአንድ የድሮ አለቃቸው ማዕረግ "ኢንስፔክተሩ" ይሉታል። አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው ኖሯል።

በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ዓሣ ሞቶባቸዋል። አሁን ተራው የእሱ ይመስላል...

ሱባጊዮ ማላንግ ከተማ ውስጥ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። ገንዳውን የሠሩት ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ነው። በገዛ እጃቸው።

ውሃው በቱቦ ከገንዳው ሥር ወዳለው ማጣሪያ ይወርዳል፣ በስፖንጅ ያልፋል፣ ከዚያ ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል።

"አሥራ አራት ዓመት... አንድ ዓሣ ታሞ አልሞተብኝም" ይሉ ነበር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር።

ባለቤታቸው ሙርቲኒ ሻይና የተጠበሰ ሙዝ እያቀረበች ትሰማለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ገንዳውን ያያሉ። የትኛው ዓሣ እንደወፈረ ይከራከራሉ። እሷ ሁልጊዜ ትረታለች።

ከሁለት ወር በፊት ሙርቲኒ አዳልጧት ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ልጃቸው ራትሪ ወደምትኖርበት ከተማ ወደ ሱራባያ ወስዳ አሳከመቻት፤ እዚያው እሷ ቤት እያገገመች ነው።

"አንተም ና እንጂ" ብላቸው ነበር ሙርቲኒ።

"ዓሦቹን ማን ይጠብቃል?" አሉ።

ቀሩ።

ቤቱ ግን ሌላ ቤት ሆነ። ነጠላ ጫማዋ በር ላይ እንዳለ ነው... ሻዩን ለአንድ ሰው ማፍላት አልለመዱም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል። ከሰዓት በኋላ ገንዳው ፊት ሲቀመጡ የሚከራከራቸው የለም።

በየቀኑ ትደውላለች።

"ዓሦቹ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

በህመሟ ላይ ሐዘን አልጨምርም ብለው ነው የዋሹት።

አሁን ኩንታሪ ጥቂት የዓሣ ምግብ በጣቷ አድቅቃ ውሃው ላይ በተነችው።

"ይዩት አባባ።"

በቀኝ በኩል ያለው ፍርፋሪ ዞር ዞር ብሎ ወዲያው በመውረጃው ቱቦ ገባ። በግራ በኩል ያለው ግን... እዚያው ቆመ። ንቅንቅ አላለም።

"ውሃው ተጣርቶ የሚመለስበት ቱቦ መውረጃው አጠገብ ነው" አለች። "ገና ከመውጣቱ በአቋራጭ ተመልሶ ይወርዳል። ግራውን ጥግ አይነካውም። ፓምፑ ምንም አልሆነም፤ ከመጀመሪያው አቀማመጡ ነው።"

"ታዲያ ዓሦቹ አሥራ አራት ዓመት እንዴት ኖሩ?"

"ለዚህ እኮ ነው የጠየቅኩዎት። በየቀኑ የሚያማስልለት ሰው ነበረው።"

"እዚህ ቤት ያለነው እኔና ባለቤቴ ነን። እሷ ደግሞ ስለ ቱቦ ምን..."

አልጨረሱትም።

ስልካቸውን አነሱ።

"ሙርቲ... ያ የግራው ጥግ..."

ሙርቲኒ ጥያቄውን አላስጨረሰቻቸውም።

"ሞቱ እንዴ?"

"ሦስቱ።"

"ደህና ናቸው ስትለኝ እኮ በራሱ የተስተካከለ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት" አለች። "ጠዋት አንተ ጋዜጣ ልትገዛ ስትወጣ በቀርከሃ ዘንግ አማስለው ነበር። ቆሻሻው ተነስቶ ወደ መውረጃው ይሄዳል። አንተ ስትመለስ ውሃው ጠርቶ ይጠብቅሃል።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያን ሰሞን እንዴት እንደነበርክ ረሳኸው? ጡረታ ወጥተህ... ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ጠፍቶ ነበር። ምግብ እንኳ አስጠልቶህ ነበር። ፊትህ የተፈታው ያን ገንዳ ስትሠራ ነው። በምን አንደበቴ ተሳስተሃል ልበልህ?"

ሱባጊዮ ስልኩን ዘጉ።

ከዚያ ወደ ኩንታሪ ዞሩ።

"መጋዙን ስጪኝ።"

"እኔ እቆርጠዋለሁ አባባ፣ ይቀመጡ።"

"የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የምቆርጠውም እኔ ነኝ።"

ቆረጡት። የመመለሻውን ቱቦ በገንዳው ጀርባ እስከ ግራው ጫፍ አስረዘሙት። ጫፉን ለሁለት ከፍለው አንዱን አፍ ወደ ታች፣ ወደ ድንጋዮቹ ሥር አዞሩት። ዝቃጩን በቱቦ መጠጡ፣ ስፖንጁን አጠቡ፣ ከውሃው የተወሰነውን ቀየሩ።

ኩንታሪ እንደገና ፍርፋሪ በተነች። አሁን ከግራው ጥግ ተነስቶ ገንዳውን ሙሉ አቋርጦ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ ዋኘ። ምግብም ቀመሰ።

በዚያው ቀን ሱባጊዮ ኩንታሪን ገንዳውን አደራ ብለው ባቡር ተሳፈሩ።

ሱራባያ ሲደርሱ ሙርቲኒን በረንዳ ላይ ተቀምጣ አገኟት።

"ዓሦቹን ትተህ መጣህ?" አለቻቸው።

"ትቻቸው መጣሁ።"

ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። እጇን ያዙ።

"አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያኖርሻቸው አንቺ ነሽ... እኔ ለእንግዳ ሁሉ የራሴ አድርጌ አውርቼበታለሁ። ይቅር በይኝ።"

ሙርቲኒ በመሐረቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"አወራርህ ግን ደስ ይለኝ ነበር" አለች።

.
.

ወዳጆቼ...

በራሱ የሚሄድ የሚመስለን ብዙ ነገር አለ። ቤታችን፣ ትዳራችን፣ ሥራችን... ግን አንድ ሰው ሳይነግረን በየማለዳው ያማስልልናል። ያ እጅ ሲጎድል ነው የሚገባን።

ደግሞም "እንዳላሳዝን" ብለን የምንደብቀው እውነት አንዳንዴ የምንወደውን ነገር ይገድላል።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... ሙርቲኒ ለአሥራ አራት ዓመት ዝም ማለቷ ልክ ነበር ትላላችሁ? ወይስ በመጀመሪያው ሳምንት ልትነግራቸው ይገባ ነበር?

ሳይነግራችሁ ሲለፋላችሁ የኖረ ሰው ካለ ደግሞ ስማቸውን ኮመንት ላይ ጻፉልን 👇