አሥራ አራት ማዕበል

«አሁን ይመልከቱልኝ!» ይላል የቪዲዮ አቀናባሪው፣ ትልቁን ቁልፍ በአውራ ጣቱ እየመታ።

ከስክሪኑ ግራ ጥግ ማዕበል ይነሳል። ተራ ማዕበል አይምሰላችሁ፤ መርከበኛ ቢያየው ስእለት የሚሳልበት፣ አረፋው ጠረጴዛ የሚያረጥብ ማዕበል ነው። አንዱን ፎቶ ውጦ ያልፍና ከሥሩ ሌላ ፎቶ ታጥቦ ይወጣል። ሌላው ባለሙያ ከምስል ወደ ምስል ለመሻገር ጥቂት ጨለማ ጣል ያደርጋል፤ እሱ ውቅያኖስ ይለቃል። ሺህ ሙሽሮችን በውሃ ያሻገረ ሰው ነው። ሚስቱ ስትቆጥር ስልሳ ይሆናሉ፣ እሷ ግን መቼም ቁጥር ላይ ደካማ ናት።

ዛሬ ከጎኑ የተቀመጡት ሙሽራ አይደሉም፤ ጥቁር የለበሱ እናት ናቸው። የሃያ ዓመት ልጃቸው በሦስት ቀን ሕመም ካለፈ ሁለት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት አሥራ አራት ፎቶና አንዲት አጭር ቪዲዮ ያለበትን ሚሞሪ ካርድ አምጥተው፣ «ወንድሜ፣ ሲናገር የተቀረጸው በዚህችው ብቻ ነው» ብለው በእጁ አስጨብጠውታል።

«ይሄ ሐይቅ ነው። ይሄኛው ደግሞ ፏፏቴ። ለእርስዎ ብዬ እንጂ እትዬ፣ ይህን ፏፏቴ ለሚኒስትር ልጅም አልከፈትኩትም!»

እናት ፏፏቴውን አያዩም። ከፏፏቴው ኋላ የሚመጣውን ነው የሚጠብቁት።

መጣ። ልጁ ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ቆሟል። የሚቀርጹትን እናቱን አይቶ ይስቃል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ አፉን ይከፍታል። ማዕበሉ ደረሰ። አገጩን፣ ከንፈሩን፣ ከዚያ ዓይኑን። በቦታው የልጅነት ፎቶው ብቅ አለ።

«አፉን ሸፈነው» ይላሉ እናት።

«ሰዓቱን ጠብቆ ነዋ! ማዕበል ክሊፑ ሳያልቅ አንድ ሰከንድ ቀድሞ ካልገባ ይንገጫገጫል።»

«እዚያች ላይ እኮ ‹እሺ አለቃዬ› ይለኛል። እንዲያ ነበር የሚጠራኝ። ዘፈን ብቻ ነው የሰማሁት።» ወደ እሱ ዘንበል ይላሉ። «ዘፈኑም ውሃውም ይቅርብኝ። እሱን ብቻ አሰማኝ።»

«ኧረ ምን ገዶኝ! ለእኔ ውሃ ማንሳት ሻይ ከማማሰል አይከብድም።»

ፎልደሩን ይከፍታል። ባዶ ነው። ሌላውን ይከፍታል። ከዚያ የጠዋቱ ትዝ ይለዋል። አሥራ አራቱ ማዕበል እንደ አሥራ አራት ዝሆን ከብዶ ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» እያለ ሲያስቸግረው፣ ሥራው አልቋል ብሎ ዋናዎቹን ፋይሎች አጥፍቷል። የጠፋ ፋይል የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም አራግፏል።

«ካርድዎን እስቲ» ይላል። ድምፁ ትንሽ ቀጥኗል።

ከመሐረብ ፈትተው ይሰጡታል፤ ገና አሁን፣ ሲገቡ ነው የመለሰላቸው። ሰክቶት ያየዋል። እሱም ባዶ። ደንበኛ የቆሸሸ ካርድ ከእኔ አይቀበልም ባይ ነው፤ ሁሉንም ፎርማት አድርጎ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ ነው የሚመልሰው። በዚህም ይኮራል።

«ሌላ ቦታ… ስልክዎ ላይ…»

«ከዚያ ካርድ ሌላ የት ይኖራል፣ ወንድሜ?»

ውሸት ይፈልጋል። ከብስክሌት የወደቀበትን ቀን የአውሮፕላን አደጋ አድርጎ ለሰፈር ያወራ ሰው ነው፤ ውሸት ቸግሮት አያውቅም። አሁን ግን ቸገረው።

«ጠፍቷል፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

እናት ቦርሳቸውን ይከፍታሉ፣ ምንም ሳያወጡ ይዘጉታል። ከመንገድ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል፣ ደረጃው ላይ አንድ ሰው እየሳቀ ይወርዳል።

«አንተ ግን ስትሠራው ሰምተኸዋል» ይላሉ በመጨረሻ።

«እ?»

«ቃሉንማ አውቀዋለሁ። ድምፁ ነው የሚሸሸኝ። በቀደም ጠዋት ስነሳ ፈልጌ አጣሁት። ‹አለቃዬ› ሲል ወደ መጨረሻው ይስብ ነበር? ሳቅ ነበረበት? አንተ ሦስት ቀን አብረኸው ውለሃል። እስቲ እንዳለው አድርገህ በልልኝ።»

በአሥራ አምስት ዓመት ሥራው የአንድ ክሊፕ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ምስል እንደገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ድምፁን ቆርጦ መጣል፣ በላዩ ዘፈን መጫን ነው። የሠርግ ጫጫታ ማን ይፈልጋል? ልጁም ሦስት ቀን ሙሉ በእጁ ሥር እንደ ዲዳ አልፏል።

እናት ወንበራቸውን ከስክሪኑ ወደ እሱ ያዞራሉ። ጥቁሩን ሻሽ በጣታቸው ገለጥ ያደርጉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ አፉ ያስጠጋሉ።