የማን ታቦት ነው?

ሾፌሩ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሲያማትብ፣ ጋቢና የተቀመጠችው ሴት ሕፃን ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አንገቷን ደፋች። ከሞጣ ከወጡ ጀምሮ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መድረሳቸውን የሚያውቁት በእሱ እጅ ብቻ ነው፤ እሱ ባማተበ ቁጥር ከኋላ ያሉት ሁሉ ተከትለው ያማትባሉ። ቁልቁለቱን ከጀመሩ አንስቶ "በማርያም፣ ቀስ በል" ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አሁን ግን ሰው እያማተበ ማቋረጥ ነውር መሰላትና ዋጠችው።

"የማን ታቦት ነው፣ ልጄ?" አሉ ከኋላዋ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን እንዳወለቁ። "እኔ ቢቸና ስመላለስ አረጀሁ፤ እዚህ ቁልቁለት ላይ ደብር አላውቅም።"

ሾፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ኩርባውን ሲዞሩ ጉሙ ለአፍታ ገለጥ አለ። በእሱ በኩል ገደል፣ በእሷ በኩል ለመንገዱ የተቆረጠው ቀይ አፈር ብቻ ነበር፤ ጉልላት የሚባል የለም። ሴትየዋ ዐይኗን ከመስኮቱ ወደ ሾፌሩ፣ ከፊቱም ወደ እግሩ አወረደች። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ይረግጥና ይለቀው፣ ደግሞ ይረግጠው ነበር። ሚኒባሱ ግን ፍጥነቱ ባሰበት።

"እህቴ" አላት፣ ከኋላ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከአፈሩ ጋር ላጋጫት ነው፤ በአንቺ በኩል። ልጅሽን ወደ ኋላ አቀብያቸው።"